የሰፊዋ ሰፊ በር

ሜትሯ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ቢጫ የጨርቅ ሜትር አንገቷ ላይ ሳታንጠለጥል ከቤት የወጣችበትን ቀን የሚያስታውስ የለም። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ አንገቷ ላይ ናት፣ ገበያ ስትወርድ አንገቷ ላይ ናት፤ አንድ ጊዜማ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ሄዳ ፎቶ አንሺው ሦስቴ ካነሳት በኋላ ነው ሁለቱም ያዩዋት። እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ በዚያ ስም የሚጠራት ግን ከእናቷ በቀር የለም። ለሌላው ሰው ሁሉ ሜትሯ ናት፣ እኛም በዚሁ እንቀጥል።

ሜትሯ በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ ቤት ገዛች። ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት ክፍል፣ አንዲት ጠባብ ማድ ቤት፣ አንድ መታጠቢያ፣ ከፊት ለፊቱ ደግሞ ልብስ ማስጫ የምታህል ግቢ። የመታጠቢያው ቧንቧ ቀኑን ሙሉ ጠብታ ሲቆጥር ይውላል። የመኝታ ቤቱ በር ሲከፈት የሚያሰማው ጩኸት ጎረቤት ያስደነግጣል። ቀለሙ ከየቦታው ተላልጧል። ግን የራሷ ነው። በኖረችባቸው የኪራይ ቤቶች ሁሉ አንዲት ሚስማር ለመምታት የአከራይ ፊት ስታይ የኖረች ሴት፣ ቁልፉን በተረከበች ዕለት መጀመሪያ የሠራችው ሥራ ሚስማር መምታት ነበር። ገና ዕቃ ስላላስገባች መኝታ ቤቱ ውስጥ ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ፣ ቁጭ ባለችበት ልክ፣ በባዶው ግድግዳ ላይ መታችው። ሚስማሩ ጠሞ ገባ። የምትሰቅልበትም ነገር አልነበራትም። ቢሆንም ቁጭ ብላ ስታየው ደስ አላት።

ቤቱን የገዛችው ለራሷ ብቻ አልነበረም። እናቷ የዛሬ ሦስት ዓመት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሱት። የሚኖሩት ታላቅ ልጃቸው፣ የሜትሯ እህት ዘንድ ነው። እህት ጥሩ ሰው ናት፤ እናቷን አጥባ፣ አልብሳ፣ መድኃኒቱን ሰዓት ሳታዛንፍ ሰጥታ ነው ሥራ የምትሄደው። አሁን ግን ባሏ በሥራ ወደ ሩቅ ከተማ ተዛወረና የጭነት መኪናው የሚመጣበት ቀን ተቆረጠ፤ የዛሬ አምስት ሳምንት እሑድ። እናትየው ወይ ከዕቃው ጋር አንድ ቀን ሙሉ ተጉዘው ከታላቋ ጋር ይሄዳሉ፣ ወይ ከሜትሯ ጋር ይቀራሉ። ከሄዱ ሜትሯ በዓመት አንዴ ብታያቸው ነው። 

"እትዬ፣ እኔ ዘንድ ትቅር" አለች በስልክ።

"የት ነው የምትቀረው?" አለች ታላቅ እህቷ። "መግቢያሽ ላይ ደረጃ አለ። የመኝታ ቤትሽ በር ጠባብ ነው፤ እኔ ራሴ ሳልፍ ሆዴን እስባለሁ። ወንበሩ የማይገባበት ቤት ምን ያደርግላታል?"

"ይገባል። አስገባዋለሁ። እሷን ጠይቂያት።"

ስልኩ ለእናትየው ተሰጠ። ሴትዮዋ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ቃል አያባክኑም። "አይቼ ነው" አሉ፣ ስልኩንም መለሱ።

ሜትሯ የወንበሩን ስፋት ጠየቀች። የእህቷ ባል በብረት ሜትር ለክቶ ስልሳ ስድስት ሴንቲ አለ። እሷ ደግሞ ቢጫዋን ሜትር ከአንገቷ አውርዳ በሮቹን ለካች፤ የመግቢያውና የመታጠቢያው በደንብ ሰፋ ያሉ ናቸው። ከዚያ የመኝታ ቤቱን ለካች። ስልሳ አምስት። ደግማ ለካች፣ አጎንብሳ ከታች ለካች፣ ካርቶን ላይ ቆማ ከላይ ለካች። ያው ስልሳ አምስት። አንዲት ሴንቲ ሜትር ጎደለቻት። ቀሚስ ቢሆን ትንፋሽ ስቦ መግባት ነው፤ ዊልቸር ግን ትንፋሽ አይስብም።

አንድ ግንበኛ ጠራች፣ ነገ እመጣለሁ አላት። ያ ነገ እስከ ዛሬ አልነጋም። ሌላውን ጠራች፤ መጥቶ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጣሪያውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀና ቤቱን ግማሹን አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት እንደሚሻል ነገራት። ያላትን ሁሉ ቤቱ ላይ አፍስሳለች። እንግዲህ ወገቧን ታጥቃ ራሷ ልትገባበት ነው። በሕይወቷ ከመቀስ የከበደ መሣሪያ ይዛ አታውቅም።

ከአጥሩ ማዶ አንድ ጡረታ የወጡ ግንበኛ አሉ። ወገባቸው አርባ ዓመት ብሎኬት ተሸክሞ በቃኝ ብሏል፤ አፋቸው ግን ገና ጡረታ አልወጣም። አጥሩ አጭር ስለሆነ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ይቀመጡና የሜትሯን ሥራ እንደ ቴሌቪዥን ያያሉ። የመጀመሪያው ቀን ደረጃውን የሚያስቀር ዘቅዛቃ መግቢያ ልትሠራ ሲሚንቶና አሸዋ አፍስሳ በአካፋ ስታገላብጥ አዩዋት።

"ስንት ለስንት ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"ምኑ ጋሼ?"

"ሲሚንቶና አሸዋው።"

"በዓይኔ ነው ያደረግሁት።"

"ቀሚስ በዓይንሽ ትቆርጫለሽ?"

 ሽማግሌው በጣታቸው ቆጠሩላት፤ አንድ ባልዲ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር፣ ውሃውን ደግሞ ጥቂት በጥቂት። ቀጥለውም ያጋደመቻቸውን ሳንቃዎች አይተው ሳቁ። ከደረጃው አፋፍ ወደ መሬት በሁለት እርምጃ የሚያወርድ ነበር ያሰበችው።

"ይሄማ ሸርተቴ ነው። እናትሽ ምን አድርገውሽ ነው? ደረጃው አንድ ስንዝር ነው፤ ለአንዱ ስንዝር አሥራ ሁለት ስንዝር ወደ ፊት ውጪ።"

"አሥራ ሁለት ስንዝር ከወጣሁ ግቢው አለቀ፤ ልብስ የት ላሰጣ ነው?"

"እንግዲያው ግቢው ይለቅ።"

ግቢው አለቀ። መግቢያው ከበሩ ተነስቶ ግድግዳውን ተከትሎ እስከ ውጭው በር ድረስ ቀስ እያለ ወረደ። ሜትሯ የማታውቀው ግን አንድ ነገር ነበር፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ፀሐይ ላይ ጥላው ወደ ስፌቷ ገባች፣ በሦስተኛው ቀን ስታየው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።  ጋሼ አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ "አላጠጣሽውማ" አሉ። "ሲሚንቶ ሳምንት ሙሉ ይጠማዋል። ጠዋት ታጠጪዋለሽ፣ ማታ ታጠጪዋለሽ፣ ቀን ጆንያ ታለብሽዋለሽ።" ላዩን ፈልፍላ አንስታ እንደገና አፈሰሰችው። ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ባልዲ ይዛ ስትጎነበስ ያያት ሰው አትክልት የተከለች ይመስለው ነበር። በስምንተኛው ቀን ላዩ ላይ ዘለለች፤ ምንም አላለም። እጇ ተልጦ፣ ጥፍሯ ተሰባብሮ ነበር፤ የዚያን ዕለት ለደንበኛ ልብስ ስትለካ እጇን ያዩት ሴትዮ ምን ነካሽ አሏት። "መግቢያ ሠርቼ ነው" አለች አፏን ሞልታ። እንዲህ ዓይነት ኩራት ከተሰማት ቆይቷል።

መግቢያው የልብ ልብ ሰጣትና በሦስተኛው ሳምንት በሩን ያዘችው። በሩን ከማጠፊያው ፈታች። መቃኑ ቀጭን ብረት ነው፤ ልስኑ ውስጥ ተቀብሯል፣ ስለዚህ እሱን ለማውጣት ዙሪያውን በመዶሻና በመሮ መፈልፈል ግድ ሆነባት። ሁለት ቀን ፈለፈለች። መቃኑ ወጣ፣ ከእሱ ጋር ልስኑ ወረደ፣ ከልስኑ ጋር የብሎኬቱ ጠርዝ ተገምሶ ወደቀ። ቤቱ በአቧራ ታፈነ። የስፌት መኪናዋ በአንሶላ ተሸፍና ጥግ ላይ ቆማለች። ሜትሯ አፏን በጨርቅ አስራ ቆም ብላ የሠራችውን ስታይ በግድግዳው ላይ ያለው ነገር በር አይመስልም፤ መኪና የገባበት ይመስላል።

ጋሼ የመዶሻው ድምፅ ሲቆም ጊዜ አላስችላቸው አለና በከዘራ እየተመረኮዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግቢው ገቡ። ግድግዳውን አዩ፣ መሬት የተጋደመውን የብረት መቃን አዩ። ከኪሳቸው የብረት ሜትር አውጥተው፣ ከልማድ የተነሳ፣ የመቃኑን ውስጥ ለኩ።

"ስልሳ ሰባት" አሉ። "ወንበሩ ስንት ነው ያልሽኝ?"

"ስልሳ ስድስት። ግን መቃኑ ስልሳ አምስት ነው ጋሼ፣ ደጋግሜ ለክቼዋለሁ።"

"ስልሳ ሰባት ነው ልጄ።"

ሜትሯ ቢጫዋን አወረደች። ስልሳ አምስት። ሽማግሌው ብረቱን መልሰው ዘረጉ። ስልሳ ሰባት። ከዚያ ሁለቱን ሜትሮች ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስተኟቸው፤ ጉዱ ያን ጊዜ ፈላ። የሜትሯ ሜትር ስልሳ አምስት በሚልበት ቦታ ላይ የብረቱ ስልሳ ሰባት ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት በየሰው ወገብና ደረት ላይ ስትጎተት የኖረች ጨርቅ ተለጥጣለች።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው በውሸት ሜትር ነው የለበሰው?" አሉ ጋሼ ሳቃቸው እያመለጣቸው።

"ሰውየውንም ጨርቁንም በአንድ ሜትር ነው የምለካው። ማን ያውቃል" አለች ሜትሯ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወንበሩ ያልፍ ነበር። መጀመሪያውኑ ያልፍ ነበር። ይሄን ግድግዳ በከንቱ ነው ያፈረሰችው።

እንዲህ ባለ ሰዓት ነው ታላቅ እህቷ የመጣችው። ቤቱን ለማየት፣ ማለትም ለእናቷ ይሆን እንደሆነ ለመፍረድ። አዲሱን መግቢያ ወጥታ ስትገባ ፊቷ በርቶ ነበር፤ በሩ ጋ ስትደርስ ጠፋ። አቧራውን፣ የወደቀውን ብሎኬት፣ ከአቧራው እኩል የነጣችውን እህቷን አየች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

"ተይው እህቴ" አለች ቀስ ብላ። "አልሰነፍሽም፤ ሞክረሻል። ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። እማዬን ይዘናት እንሄዳለን፤ አንቺም እየመጣሽ ታያታለሽ።"

እህት ከሄደች በኋላ ሜትሯ ፍርስራሹ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቅስሟ ተሰብሯል። ጋሼ ሴት ስታለቅስ የሚሉት ስለማያውቁ የሚያውቁትን አሉ፤ "ሁለት ቀን ሥራ ነው። የተገመሰውን ትሞይዋለሽ፣ መቃኑን ትመልሺዋለሽ፣ በሩም እንደነበረ ይሆናል። ወንበሩ ያልፋል።" ትክክል ነበሩ። ሜትሯ ግን መሮውን ለማንሳት ጉልበቱም ልቡም አልነበራትም።

በማግስቱ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። እናቷ የሚሄዱ ከሆነ ለመንገዱ የሚሆን አንድ የሚሞቅ ቀሚስ ልትሰፋላቸው አስባለች፤ ሌላ የምታውቀው ነገር የለም። ታላቅ እህቷ እናትየውን ከመኝታ ክፍል ወደ ሳሎን እየገፋች ስታመጣ በሩ ጋ ስትደርስ፣ "እጅሽን ሰብስቢ እማዬ" አለች። እናትየው ሁለቱን እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ሰበሰቡ፤ ወንበሩ አለፈ። ይሄ ቃል በዚያ ቤት በቀን ሃያ ጊዜ ይባላል። ከመኝታ ሲወጡ እጅሽን ሰብስቢ፣ መታጠቢያ ሲገቡ እጅሽን ሰብስቢ። ሜትሯ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፤ እንደ ደህና ዋላችሁ ጆሮዋ ላይ ያልፋል።

ታላቅ እህት ወደ ማድ ቤት ገባች። ሜትሯ የእናቷን ትከሻ ለካች፣ ደረታቸውን ለካች፣ ለእጅጌው ደግሞ የቀኝ እጃቸውን ከሻሉ ሥር አውጥታ አንጓቸው ላይ ቢጫዋን ጠመጠመች። ያን ጊዜ አየች። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ላይ ቁስል አለ። የደረቀ አለ፣ የትናንት የሚመስልም አለ። ግራውን አወጣች፤ ያው ነው።

"ይሄ ምንድን ነው እማዬ?"

"ምንም አይደል። በሩ ነው።"

"በሩ ምን አደረገሽ?"

እናትየው ወደ ማድ ቤቱ አየት አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ። "እነሱ ሥራ ሲሄዱ ማን ይገፋኛል? እኔው ነኛ። ቀኑን ሙሉ እንደ ዕቃ አንድ ክፍል አልቀመጥ። ወንበሩማ ያልፋል። እጄ ነው የማያልፈው።"

"ለምን አትነግሪንም ታዲያ?"

"ነግሬስ? በር እንደ ቀሚስ ይሰፋል?" አሉና በራሳቸው ቃል ፈገግ አሉ።

 ሜትሯ የእናቷን እጅ አልለቀቀችም። የተሰማት ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ እፍረትም ነበረበት። ሥራውን ያስተማሯት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ የመጀመሪያው ቀን የነገሯት ትዝ አላት። የሰውን ገላ ለክተሽ በዚያው ልክ ከቆረጥሽ ሬሳ ነው የምታለብሺው ብለዋት ነበር። ሰው ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ እጁን ያነሳል። ስለዚህ ከልኩ በላይ አራት ጣት ይጨመራል፤ ለትንፋሽ። ይህን ሕግ ስንት ሺህ ልብስ ላይ ሠርታበታለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስትለካ የኖረች ሴት፣ ለገዛ እናቷ ወንበሩን ለክታ በላዩ የሚቀመጡትን ሰው ረስታለች።

"እማዬ፣ እጅሽን ጎማው ላይ አድርጊ" አለች።

"ለምን?"

"አድርጊ ብቻ። ልትገፊ እንደምትሄጂ። ክርንሽን አትሰብስቢ።"

እናትየው አደረጉ። ሜትሯ ከግራ ክርን እስከ ቀኝ ክርን በቢጫዋ ሜትር ለካች። ሰባ አንድ። የእህቷ ባል የብረት ሜትር እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አልጠየቀችም። ገላውንም ጨርቁንም በአንድ ሜትር የለካ አይሳሳትም፤ ይሄኛው ሥራ የእሷ ሥራ ነው። ቁጥሩን የስፌት ደብተሯ ላይ እንደማንኛውም ደንበኛ መዘገበች፤ ከሥሩም ለትንፋሽ አራት ጣት ብላ ጻፈች።

ወደ ቤቷ ስትገባ ጋሼ አጥሩ ላይ ነበሩ። "ሲሚንቶውን ለመሙያ አዘጋጅተሻል?" አሉ።

"አልሞላውም ጋሼ። ላሰፋው ነው።"

"ያልፋል እኮ ነው የምልሽ።"

"ወንበሩ ያልፋል፤ እጇ አያልፍም" አለችና ያየችውን ነገረቻቸው።  አርባ ዓመት በር ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በሕይወታቸው ያወጧቸውን በሮች በሙሉ በሐሳባቸው እየለኩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ተነስተው ገቡ። በከዘራቸው ከበሩ በላይ ያለውን ግድግዳ አንኳኩ።

"እዚህ ላይ ኮንክሪት ተጋድሟል፤ ግድግዳውን የሚሸከመው እሱ ነው። በየጎኑ ሁለት ሁለት ስንዝር ይዘልቃል። ከግራ አራት ጣት፣ ከቀኝ አራት ጣት ብትቆርጪ አይሰማውም። ከዚያ በላይ ከሄድሽ ግን እኔ የለሁበትም።"

ሜትሯ በልብስ ሰፊ ጠመኔዋ ግድግዳው ላይ መሥመር አሰመረች፤ ልብስ ላይ እንደምታሰምረው፣ መቁረጫውን በድፍን መሥመር፣ ማጠፊያውን በነጠብጣብ። ጋሼ እንዲህ ያለ ነገር ግድግዳ ላይ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ መሮውን እንደ መቀስ መያዝ ተማረች፤ በአንዴ ብዙ አትነክስም፣ በጥቂቱ እየቀነሰች መሥመሩን ትከተላለች። በመጀመሪያው ጊዜ ግድግዳውን ደብድባው ነበር፤ አሁን ቆረጠችው። በአራት ቀን ጨረሰች፣ ጠርዙም እምብዛም አልተገመሰም።

ልስኑ ሌላ መከራ ነበር። በግንበኛ ማንካ ትለጥፋለች፣ ዞር ስትል ዱብ ይላል። ሦስቴ ለጥፋ ሦስቴ ከመሬት አፈሰች። ጋሼ ወንበራቸውን አሁን ሳሎን ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት።

"አሁንም አላጠጣሽውም" አሉ። "ደረቅ ብሎኬት የልስኑን ውሃ ይመጥበታል። መጀመሪያ አርሽው።"

"ጨርቅም እኮ ሳይቆረጥ ይነከራል" አለች ሜትሯ በራሷ ተናዳ። "ይሄን ሁሉ የማውቀውን ነገር ግድግዳ ሲሆን ለምንድን ነው የምረሳው?"

አራሰችው፤ ያዘ። ጠርዙ ላይ ስትደርስ ግን ተጣሉ። ጋሼ የበር ጠርዝ እንደ ምላጭ ቀጥ ማለት አለበት ባይ ናቸው፤ የእጅ ሙያ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ሜትሯ በእርጥብ ጨርቅ እያሸች እንደ አንገት ልክ ክብ አደረገችው።

"ምን እያደረግሽ ነው? ሥራውን ልታበላሺው ነው።"

"ሹል ከሆነ እጅ ይልጣል።"

ጋሼ ክቡን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ሞከሩት። ከዚያ፣ "በዚያኛውም በኩል አድርጊዋ፤ አንዱን ክብ አንዱን ሹል ልትተዪው ነው?" አሉ። አሮጌው በር ለአዲሱ ስፋት አይበቃም፤ ሜትሯም በር አልፈለገችም። ወፍራም ባለ ሁለት ድርብ መጋረጃ ሰፋች፤ በአንድ ጣት የሚገፋ። ይሄኛውን ሥራ ማንም አላስተማራትም።

"ልብስ ሰፊ ነበርሽ" አሉ ጋሼ መጋረጃው ሲሰቀል። "አሁን በር ሰፊ ሆንሽ።"

እሑድ ጠዋት የጭነት መኪናው ዕቃውን እንደጫነ መንገዱ ዳር ቆመ፤ ከኋላው የእህቷ ባል የሚነዳት ትንሿ መኪና። የእናትየው ትልቁ ቦርሳ ከዕቃው ጋር ተጭኗል። ታላቅ እህት ተስፋ አልነበራትም፤ ሊሰናበቱ ነው የመጡት። ሜትሯ ከጠዋት ጀምሮ እጇን የት እንደምታደርገው አጥታ፣ አንዴ መጋረጃውን፣ አንዴ አንገቷ ላይ ያለችውን ሜትር ስትነካካ ቆይታለች። እምቢ ካሉስ የሚለው ሐሳብ አልተዋትም።

ወንበሩ ወረደ። ታላቅ እህት ልትገፋ ስትጠጋ እናትየው መግቢያውን አይተው እጃቸውን ጎማው ላይ አደረጉ። ቀስ ብለው፣ ሁለቴ አርፈው፣ ራሳቸው ወጡ። ሳሎኑን አዩ፣ በመስኮቱ ወደ ግቢው አዩ፣ ጋሼን ሰላም አሉ። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄዱና ደፉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ሁለቱን እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ሰብስበው የሚገፋቸውን ሰው ጠበቁ።

ታላቅ እህት "እጅሽን ሰብስ…" ብላ ጀመረች። እጆቹ ግን ቀድመው ተሰብስበዋል። ሜትሯ ከፊት ሄዳ መጋረጃውን ገለጠች።

"አትሰብስቢው እማዬ" አለች። "ባለበት ይሁን።"

እናትየው አዩዋት። እጃቸውን ወደ ጎማው መለሱ፤ ክርናቸውን ግን ከፍርሃት የተነሳ ወደ ጎናቸው አጣብቀዋል። ገፉ። ቀኙ አለፈ፣ ግራው አለፈ፤ ምንም አልነካቸውም። ክፍሉ ውስጥ ገብተው ለቅጽበት ቆሙና ዞረው ወጡ። ደግመው ገቡ። በሦስተኛው ጊዜ ክርናቸውን ለቀቁት፣ እየሄዱም ክቡን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ታላቅ እህት የእናቷን እጅ ስታይ ቆማ ነበር፤ በየቀኑ ስታጥበው የኖረችው ቁስል ከምን እንደመጣ ያን ጊዜ ነው የገባት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እናትየው ሻላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና የሚያስቀምጡበት ሲፈልጉ ሚስማሯን አገኙ። ከወንበራቸው ሳይንጠራሩ ሰቀሉት።

"ይሄን ማን ነው የመታው? ጠሟል።"

"እኔ ነኝ" አለች ሜትሯ።

"ይይዛል" አሉ እናትየው። ከዚያ ወደ ታላቋ ዞረው፣ "ልጄ፣ ቦርሳዬ መኪናው ላይ ነው ያለው። አውርጅልኝ" አሏት።

ሜትሯ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች። ታላቅ እህቷ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች ወጣች። ስትመለስ ያንን ትልቅ ቦርሳ በጎኗ እንደያዘች በሩን አለፈች፤ እሷንም ምንም አልነካት።